ሪራ፦ በሐረና ጫካ ሦስት ሌሊት

ዳዊት፦ ጤና ይስጥልን፣ አድማጮቻችን። ሂሩት ከባሌ ተመልሳለች። በሐረና ጫካ ውስጥ ሪራ በምትባል መንደር ሦስት ሌሊት አድራ ነው የመጣችው። ሂሩት፣ እንኳን ደህና መጣሽ።

ሂሩት፦ እንኳን ደህና ቆየኸኝ፣ ዳዊት።

ዳዊት፦ ከየት እንጀምር?

ሂሩት፦ ከመንገዱ። ከጎባ ተነስተህ ወደ ደሎ መና ስትጓዝ መጀመሪያ ሽቅብ ነው። ሳነቴ አምባ ላይ ስትወጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር አልፈሃል። ዛፍ የሚባል ነገር የለም። ጅብራ፣ ድንጋይ፣ ትንንሽ ኩሬዎች፣ ነፋስ፤ ያ ብቻ ነው። ቀይ ቀበሮ አይጥ ጉድጓድ አጠገብ አድፍጦ አየን። 4,377 ሜትር የሚደርሰው ቱሉ ዲምቱም እዚያው ነው። እንዲህ ስትሄድ ቆይተህ በድንገት አምባው ያልቃል፤ ከእግርህ በታች ደመና ተነጥፏል። ሐረና ከደመናው ሥር ነው።

ዳዊት፦ ታዲያ ቁልቁል ወረዳችሁ?

ሂሩት፦ ወዲያው አልወረድንም። ጉሙ መንገዱን ስለሸፈነው ሹፌራችን ሞተሩን አጥፍቶ እስኪገልጥ እንጠብቅ አለ። አንድ ሰዓት ያህል ቆምን። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፤ ቀኑ መሸብኝ ብዬ። በኋላ ግን ከታች የሆነ ድምፅ ሰማሁ፤ ጠብ፣ ጠብ የሚል። ዝናብ እየዘነበ አልነበረም። ጉሙ ቅጠሉ ላይ እየተጠራቀመ ውኃ ሆኖ ሲንጠባጠብ ነው። የባሌን ወንዞች ነገር ያን ጊዜ ነው በደንብ የገባኝ። ገናሌ፣ ወልመል፣ ዌብ፣ ዱማል፣ ዋቢ ሸበሌ፤ ሁሉም ከዚህ ተራራ ውኃ ይጠጣሉ። እዚህ ጠብ የሚለው ውኃ ቆላ ወርዶ የሶማሌ አርብቶ አደር ግመሉን የሚያጠጣበት ነው።

ዳዊት፦ ጫካው ራሱ ምን ይመስላል? ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ሲባል ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ነው በዓይነ ኅሊናው የሚያየው።

ሂሩት፦ አንድ ዓይነት አይደለም፤ በወረድክ ቁጥር ይለዋወጣል። ላይኛው ጫፍ ላይ አስታ ነው። አስታን ሌላ ቦታ ቁጥቋጦ ሆኖ ነው የማውቀው፤ እዚህ ዛፍ ሆኗል፤ ከቅርንጫፉ ሁሉ ግራጫ ሽበት የመሰለ ነገር ተንጠልጥሎበታል። ትንሽ ዝቅ ስትል ኮሶ ትገባለህ። ያ አያቶቻችን አፍንጫቸውን ይዘው የሚጠጡት መራራ ኮሶ ማለት ነው። አንዱ ሥር ቆሜ ግንዱን በእጄ ነካሁት። የላዩ ሽበቱ መዳፌን እስኪውጠው ድረስ ወፍራም ነው። ጫን ስለው ውኃው በክንዴ ወርዶ እጅጌዬ ውስጥ ገባ። እሱ ላይ ደግሞ ሌላ ተክል በቅሎበታል፤ በዚያኛውም ላይ ጉንዳን ይርመሰመሳል። አንድ ዛፍ ነው፤ ግን መንደር ነው።

ዳዊት፦ ቀርከሃውስ?

ሂሩት፦ ሪራ አካባቢ ነው። የባሌ ጦጣ የሚኖረውም እዚያ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም አገር የለም፤ ዋነኛ ምግቡም የቀርከሃ ለጋ ቅጠል ነው። ቀርከሃው ከጠፋ እሱም ይቸገራል ማለት ነው። ከዚያ በታች ዝግባው፣ ከዝግባውም ዝቅ ሲል ቡናው ይመጣል። ማንም ያልተከለው፣ በዛፍ ጥላ ሥር በራሱ የበቀለ የጫካ ቡና።

ዳዊት፦ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስለዚህ ቦታ ስናወራ እኔን ትንሽ ይጨንቀኛል። ጸጥ ያለ ቦታ ነው እያልን ሕዝብ ጠርተን ጸጥታውን እንዳናጠፋው።

ሂሩት፦ ይገባኛል። እኔም ስሄድ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። ግን ጫካው ውስጥ ሰው አለ እኮ፤ ድሮም ነበረ። አንድ ንብ አናቢ አዛውንት ቤት ሄድን፤ ኦሮምኛዬ ስለማያዘልቅ አስጎብኚያችን እያስተረጎመልኝ። አዲስ ቀፎ ሊሰቅሉ በጭስ እያጠኑት ነበር። ጭሱ ቀፎው ውስጥ ገብቶ በሌላው ጫፍ ቀስ ብሎ እስኪወጣ ድረስ አይቸኩሉም። አንስተው ያሸቱታል፣ እንደገና ያጥኑታል። ሽታውን ካልወደደችው ንቧ አትገባም አሉኝ። ከዚያ ልጃቸው ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮ አንገቴ እስኪያመኝ ቀና ብዬ የማየው ዛፍ ላይ ወጣና ቀፎውን ሳበው። እኔ ትንፋሼን ይዣለሁ፤ እሳቸው ከታች ሆነው ትንሽ ወደ ግራ ይሉታል። ያንን ዛፍ ማን ይቆርጠዋል? ማራቸው እዚያ ላይ ነው።

ዳዊት፦ ስለዚህ ሰው ይሂድ ነው የምትዪው?

ሂሩት፦ ይሂድ፤ ግን ይደር። የሚያስቀይመኝ በመኪና አቧራ አስነስቶ፣ ከመስኮት ፎቶ አንስቶ፣ የውኃ ፕላስቲኩን ወርውሮ የሚያልፈው ነው። እሱ ለሪራ ሰው አቧራውን ብቻ ነው ትቶ የሚሄደው። ሁለት ሌሊት ብታድር ግን አስጎብኚ ትይዛለህ፣ ማር ትገዛለህ፣ ቡናቸውን ትጠጣለህ። ዛፉ ቆሞ ገንዘብ ያመጣል ማለት ነው።

ዳዊት፦ ሐረና የሚገኝበት የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከተቋቋመ ቆይቷል አይደል?

ሂሩት፦ በ1962 ዓ.ም. ነው። በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ግን በቅርቡ፣ መስከረም 2016 ዓ.ም. ነው።

ዳዊት፦ መሄድ ለሚፈልግ ሰው ምን ትመክሪያለሽ?

ሂሩት፦ ከኅዳር እስከ ጥር ድረስ ያለው ጊዜ ለመንገዱ ጥሩ ነው፤ ዝናብ ሲገባ ጭቃው አያስኬድም። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ዲንሾ ነው፤ ክፍያውንና አስጎብኚውን እዚያ ጨርሱ። ሳነቴ ላይ ውርጭ አለ፤ ወፍራም ልብስ ያስፈልጋል። እሳትን ደግሞ አደራ! አስታ እርጥብ መስሎ ይታያል እንጂ በበጋ ክብሪት ከነካው እሳቱ አይቆምም።

ዳዊት፦ ሌሊቱስ? ጸጥ ይላል?

ሂሩት፦ የመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የማላውቀው ድምፅ ሁሉ ያስደነግጠኝ ነበር። ጥርኝም ትሁን ሌላ አውሬ ቅጠሉን እያንኳኳች ታልፋለች፤ ጉጉት ይጮኻል፤ ሩቅ ደግሞ ጅብ። በሦስተኛው ሌሊት ግን አስጎብኚያችን ያ ድኩላ ነው ሲለኝ፣ አይ፣ ጠብታው ነው አልኩት። ትንሽ አዳመጠና አዎ፣ ጠብታው ነው አለኝ።