ከልብ ሕመም በኋላ የሚታዘዘው ስታቲን፦ ለምን ወዲያው? ለምን በከፍተኛ መጠን?

[ምስል፦ የሆስፒታል መውጫ ወረቀት። «አቶርቫስታቲን 80 ሚ.ግ. በቀን 1 ጊዜ» የሚለው መስመር ተከብቧል]

ተራኪ፦ የልብ ደም ቧንቧው ድንገት ጠቦበት ወይም ተዘግቶበት ሆስፒታል የገባ ሰው፣ ሲወጣ ከሚይዛቸው መድኃኒቶች አንዱ ይህ አቶርቫስታቲን የተባለ ስታቲን ነው። አስፕሪኑ ደም እንዳይረጋ መሆኑን ሁሉም ይረዳል። ስታቲኑ ግን «የኮሌስትሮል ነው» ይባልና፣ «የኔ ኮሌስትሮል እኮ ደህና ነው» የሚል ታማሚ ይተወዋል።

[አኒሜሽን፦ የልብ ደም ቧንቧ ውስጡ ሲታይ]

በቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ለዓመታት የተጠራቀመ ስብ በስስ ሽፋን ተሸፍኖ ይቆያል። ሽፋኑ ሲቀደድ ደም ላዩ ላይ ይረጋል። ስቴንት (ቧንቧው ውስጥ የሚገባው ትንሽ የሽቦ ቱቦ) የሚከፍተው ያንን አንድ ቦታ ነው፤ በሌሎቹ ቧንቧዎች ያለው ስብ እንዳለ ነው። ሕመሙ ተመልሶ የመምጣቱ ዕድል ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት ያይላል።

ስታቲን ጉበት ኮሌስትሮል የሚያመርትበትን ኤንዛይም ያግዳል። የጉበት ሴሎች ምርቱ ሲያጥራቸው ኤልዲኤልን (በቧንቧ ግድግዳ የሚጠራቀመውን «መጥፎ» ኮሌስትሮል) ከደም የሚለቅሙ ተቀባዮችን ያበዛሉ። በዚህም ደም ውስጥ ያለው ኤልዲኤል ይወርዳል፤ በጊዜ ብዛት የግድግዳው መቆጣት ይበርዳል፣ ሽፋኑም ይጠነክራል።

[ሰሌዳ፦ አቶርቫስታቲን 40–80 ሚ.ግ.፤ ሮሱቫስታቲን 20–40 ሚ.ግ.]

ኤልዲኤልን በግማሽና ከዚያ በላይ የሚያወርዱት እነዚህ መጠኖች ናቸው። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመው «ፕሩቭ ኢት» ጥናት በ4,162 ታማሚዎች ላይ አቶርቫስታቲን 80ን ኃይሉ ዝቅ ካለው ስታቲን፣ ከፕራቫስታቲን 40 ጋር አነጻጸረ። በ2 ዓመት ውስጥ የሞቱት ወይም ከባድ የልብና የደም ቧንቧ ችግር የገጠማቸው በፕራቫስታቲን 26.3፣ በአቶርቫስታቲን 22.4 በመቶ ነበሩ። «በ20 እንጀምርና ቀስ እያልን እንጨምር» የሚለው አካሄድ እዚህ አያዋጣም፤ መጠኑ በእጥፍ ባደገ ቁጥር ኤልዲኤል ተጨማሪ 6 በመቶ ያህል ብቻ ነው የሚወርደው።

ለኤልዲኤል ምርመራ የሚሆነው ደም፣ ታማሚው ሆስፒታል በገባ በ24 ሰዓት ውስጥ ይቀዳ፤ ከዚያ በኋላ ሕመሙ ራሱ ኤልዲኤልን ስለሚያወርደው ውጤቱ ያሳስታል። ውጤቱ እስኪመጣ ብሎ ግን መድኃኒቱን ማዘግየት አያስፈልግም።

[ምስል፦ የላቦራቶሪ ወረቀት፤ «ኤልዲኤል 92፣ ኖርማል»]

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው «ኖርማል» ልቡን ታሞ ለማያውቅ ሰው የወጣ ነው። የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች መመሪያ ለእንዲህ ዓይነቱ ታማሚ የሚፈልገው ከ55 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ነው። ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ይለካል፤ ካልወረደ መጀመሪያ «በትክክል እየዋጠ ነው ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል፣ ቀጥሎ ኢዜቲማይብ የተባለ ሌላ የኮሌስትሮል መድኃኒት 10 ሚ.ግ. ይጨመራል።

የጡንቻ ሕመምስ? በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ «ሳምሶን» የተባለ ጥናት፣ በጎንዮሽ ጉዳት ምክንያት ስታቲን ያቆሙ 60 ሰዎችን መርምሮ፣ ከሚሰማቸው ስሜት 90 በመቶው ባዶ ክኒን ሲውጡም እንደሚመጣ አሳይቷል። ያም ሆኖ ጡንቻ ክፉኛ ከደከመና ሽንት እንደ ሻይ ከጠቆረ መድኃኒቱን አቁሞ ያኔውኑ ወደ ሐኪም ነው፤ ሲኬ የተባለው የጡንቻ ጉዳትን የሚያሳይ የደም ምርመራ ከላይኛው ገደብ 10 እጥፍ ካለፈ ስታቲኑ ይቆማል።

አብሮ የሚወሰደው መድኃኒትም ይታይ። ክላሪትሮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክና በኤችአይቪ ሕክምና የሚሰጠው ሪቶናቪር አቶርቫስታቲንን በደም ውስጥ ያበዙታል፤ ሌላው ስታቲን፣ ሲምቫስታቲን፣ ከነዚህ ጋር ጭራሽ አይሰጥም። የቲቢው ሪፋምፒሲን በተቃራኒው አቶርቫስታቲንን ያሳንሰዋል። ኩላሊቱ በጣም የደከመ ሰው ከሮሱቫስታቲን ከ10 ሚ.ግ. በላይ አይወስድም።

[ምስል፦ የክኒን ማሸጊያና የግድግዳ ሰዓት]

በጾም ወራት ማቋረጥ አያስፈልግም። አቶርቫስታቲንና ሮሱቫስታቲን ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም፣ በፈለጉት ሰዓት ይዋጣሉ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚፈታም፣ ማታ የሚያፈጥርም ያኔ ይውሰድ። 30 ክኒኑ ሲያልቅም «ጨረስኩ» አይባልም፤ ማሸጊያው ሳምንት ሲቀረው ወደ ፋርማሲ ነው። የአንድ ቀን ቢረሳ የነገው ብቻ ይዋጣል፤ ሁለት አይደራረብም።