የክረምት ማገዶ የሚሰናዳው በበጋ ነው፦ የጎጃም አድማጮች ጥያቄና የባለሙያው መልስ

በዚህ ሳምንት የአድማጮች ጥያቄና መልስ ክፍለ ጊዜያችን የተነሣው ጉዳይ የቤት ማገዶ ነው። ሐምሌ ገብቶ ዝናቡ እየበረታ በመሆኑ ከደብረ ማርቆስ፣ ከሞጣ፣ ከእንጅባራ፣ ከቡሬ፣ ከቢቸናና ከፍኖተ ሰላም የደወሉ አድማጮች ስለ እንጨት አፈላለጥ፣ አከማመርና አነዳደድ ጠይቀዋል። በደን ልማትና በማገዶ አጠቃቀም ላይ የሠሩ ባለሙያ የሰጡትን መልስ እንደሚከተለው አቅርበነዋል።

አንዲት እናት ከደብረ ማርቆስ፦ ሰኔ ላይ ከገበያ የገዛሁት ባሕር ዛፍ ደርቋል ተብሎ ነበር። እንጀራ ልጋግር ስል ግን ጭሱ ዓይኔን ያቃጥለኛል፤ ምጣዱም ቶሎ አይግልልኝም፤ ልጆቼም ሲያስሉ ያድራሉ። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ እናቴ፣ ያነሡት ነገር ከማገዶ ጉዳይ ሁሉ የሚቀድም ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስልዎት። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው። 30 ኪሎ እርጥብ እንጨት በጀርባዋ አዝላ ከጫካ የምትመለስ ሴት ከዚያ ውስጥ 15 ኪሎ ያህል የተሸከመችው ውኃ ነው ማለት ነው። ይህ እንጨት ምድጃ ውስጥ ሲገባ እሳቱ መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ ያንን ውኃ ማፍላትና ማትነን ይሆናል። ነገር ግን ትልቁ ጉዳት ለማትነን የሚወጣው ሙቀት ብቻ አይደለም። እንጨት ሲሞቅ ከውስጡ የሚነድ ጋዝ ይወጣል፤ ከማገዶው ኃይል አብዛኛው የሚገኘውም ከዚህ ጋዝ ነው። እሳቱ በውኃው ምክንያት ሲቀዘቅዝ ጋዙ ሳይነድ ያመልጣል፤ ዓይንዎን የሚያቃጥለውም ይኸው ነው። ስለዚህ ጭስ ያልነደደ ማገዶ ነው፤ ገንዘብ የከፈሉበት እንጨት ምጣዱን ሳያግል ወደ ልጆችዎ ሳንባ ይገባል ማለት ነው። የማገዶ ጭስ በሕፃናት ላይ የሳንባ ምችን እንደሚያባብስ በጤና ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ስለሆነ፣ የልጆቹን ሳል እንደ ተራ የክረምት ጉንፋን አይዩት፤ ትንፋሻቸው ከፈጠነ ወይም ሲተነፍሱ ደረታቸው ወደ ውስጥ ከገባ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸው።

ለአሁኑ እንጨቱን ከእጅ አንጓ ባልወፈረ መጠን ፈልጡት፤ ቅርፊቱንም ላጡት፤ ቅርፊት እርጥበት አምቆ ይይዛልና። ከዚያ የሁለትና የሦስት ቀን ማገዶ ወደ ማድ ቤት አስገብተው ከምድጃው አንድ ክንድ ተኩል ያህል ራቅ አድርገው ያቁሙት። እሳቱን በደረቅ ጭራሮ ወይም በበቆሎ ቆረቆንዳ አስጀምረው በደንብ ከተያያዘ በኋላ ፍልጡን አንድ ሁለት እያሉ ይጨምሩ እንጂ ምድጃውን አይጠቅጥቁት፤ አየር ያላገኘ እሳት የደረቀውንም እንጨት ያጨሳል። አቅም ካለዎት ደግሞ ለእንጀራ መጋገሪያ የተሠራውን፣ «ምርጥ» በሚል ስም የሚታወቀውን ዝግ ምድጃ ያስገቡ። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ያህል ይቆጥባል፤ ነበልባሉም በጎን ስለማያመልጥ ፊትዎን አይለበልብዎትም።

ወደፊት ሲገዙ ሻጩ በሚናገረው ብቻ አይታመኑ። የግንዱን ጫፍ ይመልከቱ፤ የደረቀ እንጨት ከመሐሉ ወደ ጠርዙ ይሰነጠቃል። ሁለት ፍልጥ ያጋጩ፤ ደረቁ ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ እርጥቡ ድፍን ያለ ድምፅ ያሰማል። ከሁሉ የሚሻለው ግን አንዱን እዚያው አስፈልጦ የውስጡን ገጽ ጉንጭ ላይ አስነክቶ ማየት ነው፤ ከቀዘቀዘና ከረጠበ፣ ላዩ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ ገና ነው። መግዣው ጊዜም ሰኔ መሆን የለበትም። እንጨት ጥቅምት ወይም ኅዳር ላይ ተቆርጦ፣ ታኅሣሥ ሳያልቅ ተፈልጦ፣ ከጥር እስከ ግንቦት ፀሐይና ነፋስ ካገኘ ሐምሌን ያለ ጭስ ያሻግራል።

አንድ ወጣት ከሞጣ፦ አባቴ በዕድሜ ስለገፋ የቤቱን እንጨት የምፈልጠው እኔ ነኝ። ምሳሩ ጉጥ ላይ እየነጠረ ያስቸግረኛል። የ12 ዓመት ወንድሜም ልፍለጥ እያለ ያስቸግራል። ልፍቀድለት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ባሕር ዛፍ እርጥብ ሳለ መፈለጥ አለበት። ብዙ ሰው ይደርቅ ብሎ ግንዱን እንዳለ አጋድሞ ይተወዋል፤ ሲደርቅ ግን እንጨቱ ጠንክሮ ምሳር አያስገባም፤ ከነቅርፊቱ የተጋደመ ድቡልቡል ግንድም ከዓመት እስከ ዓመት ውስጡ ላይደርቅ ይችላል። በተቆረጠ በሳምንት ውስጥ ብትፈልጠው ድካምህ በብዙ ይቀንሳል።

ግንዱን በመጋዝ ከምድጃችሁ ስፋት ጋር አስማምተህ ቁረጠው፤ ለአብዛኛው ቤት አንድ ክንድ ያህል ርዝመት ይበቃል። ጉጥ ያለበትን በተቻለ መጠን ጉጡ ከጫፉ እንዲሆን አድርገህ ቁረጥ፤ ስትፈልጠውም ጉጡን ወደ ታች አድርገህ አቁመው። ወፍራሙን ግንድ መሐሉን አትምታ፤ ከጠርዙ እየገመስህ ወደ ውስጥ ሂድ። እምቢ ያለህን ደግሞ በጉልበት አትታገለው፤ የብረት ሽብልቅ አስገብተህ በመዶሻ ምታው። በምሳር ጀርባ ሽብልቅ መምታት ግን ምሳሩን ይሰነጥቀዋል፤ የብረት ፍንጣሪም ዓይን ያጠፋል። ከመጀመርህ በፊት ዛቢያው ያልላላ መሆኑን አረጋግጥ። ስለቱንም በሞረድ ወይም በድንጋይ ሳለው፤ ከዶለዶመ ምሳር ይልቅ የተሳለው የሚሻለው እንጨቱን ስለሚነክስና ስለማይነጥር ነው። ግንዱን የምታቆምበት ሰፊ ጉቶ ይኑርህ። መሬት ላይ አቁሞ መፍለጥ ስለቱን በድንጋይ ያበላሻል፤ የሳተ ምትም ወደ እግር ይመጣል። እግርህን ከፍተህ ቁም፤ ጫማም አድርግ።

ስለ ወንድምህ ስጠየቅ ግን ነገሩን ማለዘብ አልፈልግም፤ የ12 ዓመት ልጅ የአዋቂ ምሳር አንሥቶ መፍለጥ የለበትም። ክንዱ የምሳሩን ክብደት በአየር ላይ የመግታት አቅም የለውም። ሆኖም ከሥራው አታርቀው፤ ከቤተሰቡ ጋር መሥራት ስለፈለገ ሊመሰገን ይገባዋል። ስንጥሩንና ቅርፊቱን ለማስጀመሪያ ይልቀም፤ ፍልጡን እየተቀበለ ይደርድር፤ ምሳር በሚወርድበት ጊዜ ግን ቢያንስ ሦስት ሜትር ርቆ ይቁም። የሚለቅመውም አንተ ምሳሩን አስቀምጠህ ስታርፍ ብቻ ይሁን። አባትህም ቢሆኑ ተቀምጠው የትኛው ግንድ በየት በኩል እንደሚገመስ ሊያመለክቷችሁ ይችላሉ፤ የእሳቸው ዓይን ከጉልበትህ ብዙ ያድንልሃል።

አንድ አባወራ ከእንጅባራ፦ እኛ ዘንድ ዝናቡ ቀድሞ ገብቶ ዘግይቶ ይወጣል። የምናነደው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ነው። ብንከምረውም ይሻግታል። እንዴት እንከምረው?

አንዲት እማወራ ከቡሬ፦ እኛን ደግሞ ያስቸገረን ምስጥ ነው። መድኃኒት ብንረጭበትስ?

መልስ፦ ሁለቱን ጥያቄዎች አብሬ ልመልስ፤ ሻጋታም ምስጥም የሚጀምሩት ከክምሩ ሥር ነውና። እንጨት መሬት መንካት የለበትም። ከአንድ ስንዝር የማያንስ ከፍታ ያላቸው ጠፍጣፋ ድንጋዮች በሁለት ረድፍ አስቀምጡ፤ በላያቸው ሁለት ረጃጅም አጣና ዘርጉ፤ ጽድ ካላችሁ ምስጥ ስለሚቋቋም ይመረጣል። ፍልጡን በአጣናዎቹ ላይ አግድም ደርድሩ። ክምሩ የአንድ ፍልጥ ርዝመት ያህል ስፋት ብቻ ይኑረው፤ ሁለትና ሦስት ረድፍ ተጠጋግቶ ከተከመረ መሐሉ ነፋስ አያገኝም። የተቆረጠው የፍልጡ ጫፍ ነፋስ ወደሚመጣበት ይዙር፤ ውኃው በብዛት የሚወጣው በጫፉ በኩል ነው። በሁለቱ የክምሩ ዳርቻዎች አንዱን ተራ በቁመት፣ ቀጣዩን በአግድም እያፈራረቃችሁ ብትደረድሩ ክምሩ ያለ ድጋፍ ይቆማል። ከአዋቂ ሰው ደረት በላይ አታስረዝሙት፤ ልጆች ተንጠላጥለውበት ሲናድ አጥንት ይሰብራል።

ከግድግዳ ቢያንስ አንድ ክንድ አርቁት። በጭቃ የተመረገ ግድግዳ እርጥበት ይስባል፤ ምስጡም በግድግዳው ተሸሽጎ ወደ ጣሪያው ይወጣል፤ በክምሩና በግድግዳው መካከል ደግሞ አይጥ፣ አይጥን ተከትሎም እባብ ይገባል። በዚህ ምክንያት ማለዳ እንጨት የሚያነሣ ሰው እጁን ከመስደዱ በፊት ክምሩን በዱላ መታ መታ ማድረግ ይገባዋል። ከላይ በቆርቆሮ ወይም በሣር ክዳን ሸፍኑት፤ ክዳኑም በየአቅጣጫው አንድ ስንዝር ያህል ወጣ ይበል። ጎኑን ግን ክፍት ተዉት። የእንጅባራው ወንድማችን የሚሻግትበት ምክንያት፣ እንደምገምተው፣ ክምሩን እስከ መሬት በላስቲክ መጠቅለሉ ነው፤ ላስቲክ ዝናቡን ቢከለክልም ከእንጨቱ የሚወጣውን እርጥበት እዚያው ያፍነዋል። በክምሩ ዙሪያም ጎርፍ የሚያሳልፍ ትንሽ ቦይ ይቆፈር።

ዲከረንስን በተመለከተ፣ በአዊ በተለይም በፋግታ ለኮማ ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር እያለማው በአራትና በአምስት ዓመት ለከሰል የሚያደርሰው ጠቃሚ ዛፍ ነው፤ ለማገዶነትም ጥሩ ነው። ነገር ግን እንደ ባሕር ዛፍ ከጉቶው በደንብ ስለማያቆጠቁጥ የቆረጣችሁትን ያህል መልሳችሁ መትከላችሁን አትርሱ።

ለቡሬዋ እኅቴ ደግሞ፣ እባክዎን በማገዶ ላይ ምንም ዓይነት የተባይ መድኃኒት አይርጩ። መርዙ ሲነድ በጭሱ አማካይነት ወደ እርስዎ ትንፋሽና ወደሚጋግሩት እንጀራ ይመጣል። ምስጡ ከመሬት እስከ ድንጋዩ ጫፍ የሚሠራውን የጭቃ መተላለፊያ በየሳምንቱ እያዩ ማፍረስና የተበላውን ፍልጥ ለይቶ ቀድሞ ማንደድ ይበቃል።

አንድ ተማሪ ከደብረ ማርቆስ፦ የምንኖረው በኪራይ ቤት፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ሆነን ነው። ሌሊቱ ሲበርደን ጭሱ ያለቀለትን የከሰል ምድጃ አስገብተን እንተኛለን። ችግር አለው?

መልስ፦ ከዛሬ ማታ ጀምራችሁ ተዉት። ጭሱ ያለቀለት ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም የጉልበት መክዳት የተሰማው ሰው ወዲያውኑ ወደ ውጭ ወጥቶ ንጹሕ አየር ያግኝ፤ ሐኪም ቤትም ይሂድ። መስኮት በትንሹ መክፈት ዋስትና አይሆንም። ለብርዱ ብርድ ልብስ ደርቡ፤ በሙቅ ውኃ የተሞላና በጨርቅ የተጠቀለለ ጠርሙስም ከእግራችሁ ሥር አድርጉ።

አንድ አርሶ አደር ከቢቸና አካባቢ፦ አገራችን የጤፍ አገር ስለሆነ ዛፍ የለንም፤ የምናነደው ኩበት ነው። ኩበቱን እናንድደው ወይስ ለማሳው እንተወው?

መልስ፦ ጥያቄዎ ከባድ ነው፤ ማገዶ የሌለውን ቤተሰብ ኩበት አታንድድ ማለትም አይገባም። ኩበት ሲነድ ለሰብል እጅግ የሚያስፈልገው ናይትሮጅን ወደ አየር ይሄዳል፤ አመዱ ውስጥ የሚቀሩት ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ካልሲየምን የመሳሰሉት ናቸው። ስለዚህ ቢያንስ አመዱን አይጣሉ፤ ወደ ጓሮና ወደ ማሳ ይመልሱት። በተለይ በአዊና በምዕራብ ጎጃም ደጋዎች ያለው አሲዳማ ቀይ አፈር ከአመድ በእጅጉ ይጠቀማል። በእርስዎ የዋልካ መሬት ጥቅሙ ያነሰ ቢሆንም ከፍግ ጋር ቀላቅለው በስሱ ሊበትኑት ይችላሉ። ዘላቂው መፍትሔ ግን በማሳ ድንበር ሳይሆን በጓሮ ዳርና በሸንተረር ጥግ ጥቂት የማገዶ ዛፍ መትከል ነው። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ አገራችን የገባው በዚሁ በማገዶና በቤት መሥሪያ እጦት ምክንያት ነበር፤ ሆኖም ውኃና ምግብ ስለሚሻማ ከጤፉ ማሳ ራቅ ይበል። የሚያነዱትን ኩበት እስከ ግንቦት አድርቀው ከጣሪያ ሥር ያስገቡት፤ ክረምት የነካው ኩበት ከእርጥብ እንጨት የባሰ ያጨሳል።

አንዲት ወጣት ሚስት ከፍኖተ ሰላም፦ ለክረምት ምን ያህል እንጨት እንደሚበቃኝ እንዴት ላውቅ እችላለሁ?

መልስ፦ እኅቴ፣ የሌላ ቤት ልክ ለአንቺ አይሆንም፤ የቤተሰቡ ብዛት፣ የምድጃው ዓይነትና በሳምንት ስንት ጊዜ እንደምትጋግሪ ይለያያልና። መጋቢት ላይ የአንድ ሳምንት ማገዶ ለብቻው ለይተሽ ከምሪ፤ ወጡም፣ እንጀራውም፣ ቡናውም ከዚያ ብቻ ይሠራ። ሳምንቱ ሳያልቅ ካለቀብሽ የጨመርሽውን አክለሽ ቁጠሪ። ከሰኔ መባቻ እስከ መስከረም አጋማሽ ያለው ጊዜ 16 ሳምንት ያህል ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ቤት ለማሞቅና ልብስ ለማድረቅ የሚጨመረውን አስበሽ የሳምንቱን ክምር በ20 አባዢው። እንጨቱን ለመቁረጥና ለመፍለጥ ባለቤትሽ፣ ለመደርደር ልጆችና ጎረቤት አብረው ቢወጡ በሁለት ቅዳሜ ያልቃል። ይህ ሁሉ ሸክም በአንድ ሴት ጀርባ ላይ ብቻ እንዲወድቅ ማድረግ ተገቢ እንዳልሆነ ለባለቤትሽም በዚሁ አጋጣሚ እነግረዋለሁ። ስትከምሩ ዘንድሮ የተፈለጠውን ከአምናው ለይታችሁ ለየብቻ አድርጉት፤ ሰኔ ሲገባም ማንሣት የምትጀምሩት ከአምናው ይሁን።