ቤቱን ይዞ የሚጓዝ እንግዳ

እንደምን ሰነበታችሁ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። ዛሬ የማነሣላችሁ ጉዳይ ከባለቤቴ ጋር ለወራት ስንመክርበት የቆየነው ጉዞ ነው። አልጋና ምድጃ በገጠምንለት ሚኒባስ ከባሕር ዳር ተነሥተን፣ በወረታና በደብረ ታቦር አልፈን፣ የጉናን ተራራ ግርጌ ይዘን በጋይንትና በመቄት በኩል እስከ ላሊበላ ለመዝለቅ አስበናል። መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አውቶቡስ በማለዳ ተነሥቶ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። እኛ ግን በዝግታ፣ እያደርን፣ በየስፍራው እየዋልን ልንሄደው ነው የምንፈልገው።

ከሁሉ አስቀድሞ መነገር ያለበትን ልናገር። በክልላችን በቀጠለው ግጭት ምክንያት መንገዶች የሚዘጉበት፣ ሰው ከቤቱ ወጥቶ መመለሱን የሚጠራጠርበት ጊዜ አሳልፈናል። ስለዚህ ዕቅዳችን የመነሻ ቀን አልተቆረጠለትም። መንገዱ ሰላም መሆኑን ከሚያመላልሱት ሾፌሮች አፍ እስክንሰማ ድረስ አንነሣም፤ በጉዞውም ላይ ቢሆን እያንዳንዱን ማለዳ የምንጀምረው ከፊታችን ካለው ከተማ የመጣ መኪና ፈልገን፣ ሹፌሩን ጠይቀን ነው። የባሕር ዳር መናኸሪያ ሰዎች ወደ ላሊበላ ስለሚያደርሰው የጋሸና መንገድ የሚያውቁትን ያህል የሚያውቅ ሌላ ምንጭ እስካሁን አላገኘሁም። ሰላም እስኪሆን ተቀምጦ ማቀድ ከንቱ ነው የሚሉኝ ወዳጆች አሉ፤ እኔ ግን እንዲህ ያለው ጉዞ በጥድፊያ የሚሰናዳ ስላልሆነ የጥበቃውን ጊዜ ለዝግጅቱ ማዋል ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዕቅዱን ስንጀምር እንደ ብዙ ሰው ከኪሎ ሜትር ነበር የጀመርነው። በኋላ ግን መጀመሪያ መወሰን ያለበት የት እንደምናድር መሆኑን ተረዳን፤ ማደሪያው ከታወቀ የቀኑ መንገድ፣ የምንሸከመው ውኃ፣ የምንነሣበትም ሰዓት ከእርሱ ይከተላል። በተራራ አገር ይህ ይበልጥ እውነት ነው፤ ምክንያቱም በካርታ ላይ አጭር የሚመስለው ርቀት በዳገትና በቁልቁለት የተሞላ ስለሆነ፣ ምሽት ከታሰበው ቦታ ቀድሞ ሊደርስ ይችላል። እኛም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ አንድም ኪሎ ሜትር ላለመንዳት ተስማምተናል።

መንገዱን ለማታውቁት ጥቂት ልግለጽ። ከባሕር ዳር እስከ ወረታ የፎገራ ሜዳ ነው፤ ሩዝ የሚበቅልበት፣ በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሲሞሉ ውኃ የሚተኛበት ለጥ ያለ አገር። ከወረታ ወደ ምሥራቅ ሲታጠፉ ዳገቱ ይጀምራል፤ በዚያው አቅጣጫ ከመንገዱ ጥቂት ገባ ብሎ የአውራምባ ማኅበረሰብ ይገኛል፤ የሽመና ሥራቸውን ለማየት ግማሽ ቀን ይዘንለታል። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ መንገዱ ቻይናውያን በደርግ ዘመን የሠሩት ሲሆን፣ ጉናን በጎን እያሳየ ወደ ነፋስ መውጫ፣ ከዚያም በጨጨሆ አድርጎ ወደ ጋሸና ይወስዳል። ነፋስ መውጫም ሆነ ጋሸና 3,000 ሜትር አካባቢ ናቸው። ከጋሸና ወደ ሰሜን ታጥፎ ላሊበላ ለመድረስ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራል።

ይህን አቅጣጫ ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ነው። ሴባስቶፖል የተሠራው ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት ነው፤ ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይገመታል። በ1860 ዓ.ም. ይህን ብረት ሰው በገመድ እየጎተተ፣ መንገድ እየተጠረገለት፣ በዚሁ ደጋ አቋርጦ መቅደላ ለማድረስ ወራት ፈጅቷል። ዛሬ አስፋልት አለ፤ ጎማና ሞተርም አለን፤ ነገር ግን ክብደት በዳገትና በቁልቁለት ላይ የሚያስከፍለው ዋጋ ያኔም አሁንም ያው ነው። የእኛን መኪና ዝግጅት የመራውም ይኸው ሐሳብ ነው።

መኪናችን ለሕዝብ ማመላለሻ ሲያገለግል የኖረ ሀይሩፍ ነው። የኋላ መቀመጫዎቹን አንሥተን በኮምፔንሳቶ አልጋ አሠራንበት፤ ከአልጋው ሥር ዕቃ ማስቀመጫ፣ በበሩ በኩል ደግሞ ለምድጃ የሚሆን አነስተኛ መደርደሪያ አለው። እንዲህ ያለ ለውጥ ለማድረግ የምታስቡ ካላችሁ፣ በሊብሬው ላይ የሰፈረው የመቀመጫ ቁጥርና የመኪናው አገልግሎት ከተሠራው ነገር ጋር እንዲስማማ ከትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱና ከኢንሹራንሱ ጋር አስቀድማችሁ ጨርሱ። ውኃ አንድ ሊትሩ አንድ ኪሎ ነው። አራት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ሲሞላ አንድ ትልቅ ሰው ተጨማሪ እንደ ተሳፈረ ይቆጠራል። ያንን ክብደት በፖርቶመጋላ፣ ማለትም በጣሪያው ዕቃ መጫኛ፣ ላይ መጫን መኪናውን ከላይ ስለሚያከብደውና በጠመዝማዛው መንገድ ላይ ስለሚያናውጠው፣ ጄሪካኖቹን ወለሉ ላይ፣ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል አስረን ልናስቀምጣቸው ወስነናል። ፖርቶመጋላው ላይ ቀላል ነገር ብቻ ይወጣል።

አየሩ ከፍታው በጨመረ ቁጥር ስለሚሳሳ፣ ቱርቦ፣ ማለትም አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን ያጣል። ባሕር ዳር ራሷ 1,800 ሜትር ላይ ስለሆነች የለመድነው ጉልበት ቀድሞውንም የተቀነሰ ነው፤ ነፋስ መውጫ ስንደርስ ደግሞ ይበልጥ ይቀንሳል። ይህ ግን የሚያዘገይ እንጂ የሚገድል አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ቁልቁለቱ ነው። ከተማችን ሜዳ ናት፤ ቤዛዊት ኮረብታን ካልወጣን በቀር የመኪናችን ፍሬን ዳገትና ቁልቁለት ምን እንደሆነ ሳያውቅ ዓመት ሊሞላው ይችላል። በቅርቡ ጋራዥ ወስደነው ባለሙያው የፊቱን ጎማ ፈታና የፍሬኑን ሸራ አውጥቶ በእጄ ላይ አስቀመጠልኝ። በአንድ ጎኑ አልቋል፤ ፊቱም እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። «ይህ ከተማ ውስጥ ይይዝልሃል፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ግን ግሎ ይከዳሃል» አለኝ። ሸራውን አስቀየርን፤ የፍሬን ዘይቱንም አስለወጥን፤ ምክንያቱም የፍሬን ዘይት ከጊዜ ብዛት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት የገባበት ዘይት ደግሞ ፍሬኑ ሲግል ቶሎ ይፈላና ፔዳሉ ባዶውን ይወርዳል። መድኃኒቱን የአገራችን ሾፌሮች ሁሉ ያውቁታል፤ ዳገቱን በወጡበት ማርሽ መውረድ፣ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዘው መተው፣ ፍሬኑን ለአጭር ጊዜ ረገጥ አድርጎ መልቀቅ። ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥቶ ነዳጅ ለመቆጠብ መሞከር ግን ከነቤተሰብ ሕይወትን ማስያዝ ነው። ሽታ ከተሰማን ቆመን፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርገን፣ እስኪቀዘቅዝ እንጠብቃለን እንጂ የጋለ ፍሬን ላይ ውኃ አንደፋም።

ቀጥሎ ብርዱ አለ። የሙቀት መጠኑ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚወርድ፣ ባሕር ዳር ላይ ሌሊቱ 10 ዲግሪ ሲሆን ነፋስ መውጫ ላይ 3 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፤ ከኅዳር በኋላ ደግሞ ውርጭ አለ። እዚህ ላይ፣ አድማጮቼ፣ በጣም ከልቤ የምለምናችሁ አንድ ነገር አለኝ። በመኪና ውስጥ ከሰል አታንድዱ። የፋመ ከሰል ጭስ ባይኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ማውጣቱን አያቆምም፤ ጋዙ ሽታም ቀለምም ስለሌለው በእንቅልፍ ላይ ያለ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። በክፍላቸው ምድጃ አስገብተው ተኝተው በዚያው የቀሩ ሰዎችን ወሬ ሁላችንም እየሰማን ነው ያደግነው፤ የሚኒባስ ውስጥ ደግሞ ከጠባብ ክፍልም የባሰ ነው። ቡታጋዙንም ቢሆን በሩን ከፍተን ለማብሰል ብቻ እንጂ ለማሞቂያ አንጠቀምበትም። ለብርዱ ያዘጋጀነው ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ጋቢና ከብረቱ ወለል የሚለየን ወፈር ያለ ስፖንጅ ፍራሽ ነው። መስኮቱንም ጥቂት ከፈት አድርገን እንተኛለን፤ እስትንፋሳችን በብረቱ ጣሪያ ላይ ጤዛ ሆኖ አልጋችንን እንዳያረጥበው ነው።

ስለ ምግብ አጭር ልናገር። 3,000 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ በመሆኑ ምስርና ባቄላ ቶሎ አይበስሉም፤ ስለዚህ ሽሮ፣ በሶና ድርቆሽ ይዘን እንሄዳለን።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ማደሪያው ልመለስ። አልጋውንና ምግቡን ይዞ የሚጓዝ ሰው ማንንም ሳይጠይቅ ደስ ባለው ሜዳ ላይ ቆሞ ማደር የሚችል ይመስለዋል። በእኛ ደጋ ግን ባዶ የሚመስለው ሜዳ የግጦሽ መሬት ነው፤ የአንድ ቀበሌ ነው፤ ባለቤት አለው። በተለይ በዚህ ጊዜ፣ ሲመሽ መጥቶ ከእርሻ ዳር ቆሞ መብራቱን የሚያጠፋ የማይታወቅ መኪና መንደርተኛውን ሌሊቱን ሙሉ በስጋት ያሳድራል። ስለዚህ በቀን ብርሃን ደርሰን፣ ከመኪናችን ወርደን፣ በእግራችን ወደ አንዱ ደጅ ቀርበን «ቤቶች! እንደምን ዋላችሁ? የመሸብን እንግዶች ነን፤ እዚህ ደጃፋችሁ ላይ ብናድር ትፈቅዱልናላችሁ?» ብለን እንጠይቃለን። በአያቶቻችን ደጅ የምናውቀው መልስ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» የሚል ነው። የቀበሌውን ሊቀ መንበር ወይም የደብሩን ቄስ አግኙ ከተባልን እናገኛቸዋለን፤ መታወቂያችንን እናሳያለን፤ አይሆንም ካሉንም ሳንከራከር ወደ ከተማው ተመልሰን በሆቴል ግቢ እናድራለን። ለዚህም ነው የየቀኑን መንገድ አጭር ያደረግነው፤ እንቢ ለሚለን ሰው ቂም ሳንይዝ የምንመለስበት ብርሃን ሊቀረን ይገባል።

በዚህ ነገር ላይ ከባለቤቴ ጋር ረጅም ክርክር አድርገናል። እርሷ ሰዎቹን እንዳናስቸግራቸው ምግባችንን በመኪናችን በልተን እንተኛ ትላለች፤ ሐሳቡ ከርኅራኄ የመነጨ ነው፤ ያለፉት ዓመታት ገበሬውን እንዴት እንደጎዱት ታውቃለችና። እኔ ደግሞ ድንች ቀቅሎ፣ የገብስ ዳቦ ቆርሶ የሚመጣ አባወራ ፊት የመኪና በር ዘግቶ የራስን ሽሮ መብላት ከማስቸገር የባሰ ነው እላለሁ። በመጨረሻ የተስማማነው ቡና፣ ስኳርና ጨው ከእኛ እንዲሆን፣ ቡናውም ከእነርሱ ጋር አብሮ እንዲፈላ ነው። ገንዘብ ለሕፃናት አንሰጥም፤ ሰውንም ሳንጠይቅ ፎቶ አናነሣም። ጊዜውን ጥቅምት ያደረግነውም ከዚሁ የተነሣ ነው። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ይደርቃል፤ አገሩ ገና አረንጓዴ ነው፤ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባም ከዚያ በፊት በማንም ገበታ ያለ ሐሳብ መቅረብ ይቻላል፤ ረቡዕና ዓርብ እንደተጠበቁ ሆነው።

የቆሻሻውን ነገር በቸልታ የሚያልፉት ብዙዎች ስለሆኑ እኔ አላልፈውም። ርብና ጉማራ የሚነሡት ከጉና ነው፤ ወርደው የሚገቡትም ጣና ነው። በሳሙና ያጠብንበትን ውኃ ምንጭ ዳር ብንደፋው በመጀመሪያ የሚያገኘው ከታች እንስራ ይዛ የምትቀዳው ሴት ናት፤ ቀጥሎም እምቦጭ ያስጨነቀው ሐይቃችን ነው። ስለዚህ ያጠብንበትን ውኃ በባልዲ ሰብስበን ከምንጭና ከወንዝ ርቀን በደረቅ መሬት ላይ እናፈሰዋለን። መጸዳጃችን ክዳኑ የሚገጥም ባልዲ ነው፤ የሚደፋውም ከተማ ስንደርስ በመጸዳጃ ቤት ብቻ ነው። ፕላስቲክ ሁሉ ተመልሶ ባሕር ዳር ይገባል።

ሰሜን ተራሮችን ለምን እንደተውናቸው የጠየቃችሁኝ አላችሁ። አልተውናቸውም። እንዲያውም ለእንዲህ ያለ ጉዞ ከሁሉ የተሻለ ሥርዓት ያለው እዚያ ነው፤ ደባርቅ ላይ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ፣ ስካውት የሚባለውን የፓርኩን ጠባቂ ይዞ፣ 3,250 ሜትር ላይ ባለችው ሳንቃበርና ከዚያም ከፍ በምትለው ጨነቅ በመኪና ደርሶ በተፈቀደ የድንኳን ቦታ ማደር ይቻላል። ፓርኩና የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በዩኔስኮ የተመዘገቡት በአንድ ዓመት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 ነው። ነገር ግን አዲስ የተሠራን መኪና በዚያ ቁመት ላይ ከመፈተን በጉና በኩል መጀመርን መርጠናል፤ ሰሜን ለሚቀጥለው ዓመት ይሁን።

እስከ ደብረ ታቦር ያለው ማደሪያ ተቆርጧል፤ ላሊበላም ዘመድ አለን። ያልተቋጨልን ከነፋስ መውጫ እስከ ጋሸና ያለው ክፍል ነው። በጨጨሆና በፍላቂት አካባቢ የተወለዳችሁ ወይም የምትኖሩ፣ መኪና የሚቆምበት ለጥ ያለ ቦታና ፈቃድ የሚጠየቅበትን ሰው የምታውቁ አድማጮቼ፣ በድምፅም ሆነ በጽሑፍ መልእክት ላኩልኝ፤ ነዳጅ በየትኛው ከተማ እንደሚገኝም ብትጨምሩበት ለእኛም ለሌላው ተጓዥም ይጠቅማል።