ስትወጡ የምትጠፋው ፎልደር

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ቢሮዬ አራት ኪሎ ነው፤ መስኮቱን ብዘጋውም የረዳቶቹ "ፒያሳ፣ ፒያሳ" ይገባል። ታገሱኝ።

ዛሬ ስለ አንዲት ፎልደር ነው የማወራችሁ። ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሲስተም ላይ ስትገቡ ትፈጠራለች፣ ስትወጡ ትጠፋለች። አድራሻዋ ራን፣ ከሥሩ ዩዘር፣ ከዚያ የእናንተ የዩዘር ቁጥር ነው። በብዙ ማሽን የመጀመሪያው ሰው ቁጥር 1000 ነው።

ከፍታችሁ ብታዩ ብዙ ፋይል አታገኙም። ያለው በብዛት ሶኬት ነው፤ ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚገናኙበት በር ማለት ነው። ፕሮግራሞች የሚነጋገሩበት ባስ አለ። ስክሪኑን የሚያገናኝ ዌይላንድ ዜሮ አለ። ድምፅ የሚያስተላልፈው የፓይፕዋየርም አለ፤ አሁን የምትሰሙት ድምፄ ራሱ ሲቀዳ ያለፈው በሱ በኩል ነው።

"ቴምፕ እያለ ይቺ ምን ታደርጋለች?" የሚል አይጠፋም። ቴምፕ፣ ጊዜያዊ ፋይል የሚቀመጥባት ፎልደር፣ እንደ ሰፈር ቦኖ የሁሉም ነው። የፋይላችሁን ስም ቀድሞ የገመተ ሰው እዚያው ወጥመድ ሊያስቀምጥላችሁ ይችላል። የይቺ ፈቃድ ግን 0700 ነው፤ ከእናንተና ከማሽኑ ዋና አስተዳዳሪ ከሩት በቀር ማንም አይገባባትም።

ሎግ ኢን ስታደርጉ መግቢያውን የሚፈትሸው ፓም ማን እንደገባ ለሚመዘግበው ለሎጊንዲ ይነግረዋል፣ ሰርቪሶችን የሚያስነሳው ሲስተምዲ ደግሞ ራም ላይ ቲምፕኤፍኤስ የሚባል ጊዜያዊ ማከማቻ ይዘረጋል። ካልነካችሁት ጣሪያው የራሙ 10 በመቶ ነው። በሦስት ተርሚናል ብትገቡም ፎልደሯ ያችው ናት፤ የመጨረሻው ሲዘጋ ትጸዳለች። ደስ የሚለኝ ይሄ ነው፦ ዕድሜዋ የተያያዘው ከሰዓት ጋር ሳይሆን ከእናንተ ጋር ነው። መብራት ድርግም ቢልም ራም ስለሆነች ሲመለስ ባለቤት የሌለው አሮጌ ሶኬት አይጠብቃችሁም። እኛ አገር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ጣጣው የሚመጣው "ሱ" በሚባለው ዩዘር መቀየሪያ ትዕዛዝ ነው። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ በዚህ ትዕዛዝ ወደ ሌላ ዩዘር ይሻገርና የሲስተምዲን መቆጣጠሪያ ሲስተምሲቲኤልን በዩዘር ሲጠራ "ባሱን ማግኘት አልቻልኩም" ይለዋል። ሰርቨሩን ይረግማል። ሰርቨሩ ምን አጠፋ? ሱ ስም ይቀይራል እንጂ ለዚያ ዩዘር አዲስ ሴሽን፣ ማለትም የራሱን ሎግ ኢን፣ አይከፍትለትም፤ ሴሽን ከሌለ ፎልደሯም የለችም። የፎልደሯን አድራሻ ለፕሮግራሞች የሚነግረውን ኤክስዲጂ ራንታይም ዲርን በእጅ መሙላትም የሌለችውን አያመጣትም። ከሩቅ መግቢያ በሆነው በኤስኤስኤች በቀጥታ መግባት ይሻላል፣ ወይም እውነተኛ ሴሽን በሚከፍተው ትዕዛዝ በማሽንሲቲኤል ሼል።

ማንም ሳይገባ የሚሠራ ነገር ካላችሁ፣ ለምሳሌ ያለ ሩት የሚሄድ የፖድማን ኮንቴይነር (ለብቻው የታሸገ ፕሮግራም)፣ የሎጊንዲ መቆጣጠሪያ በሆነው ሎጊንሲቲኤል ላይ ሊንገርን ታበሩለታላችሁ። ያኔ ፎልደሯ ማሽኑ ሲነሳ ትፈጠራለች፣ ሰው ቢወጣም ትቆያለች። እኔ ለሰርቪስ አካውንት፣ ማለትም ሰው ሳይሆን ፕሮግራም ለሚጠቀምበት፣ አበራዋለሁ፤ ለሰው ግን ሲያልፍም አይነካኝ።

የበራላቸው ሰዎች ስም ቫር፣ ሊብ፣ ሲስተምዲ፣ ሊንገር ውስጥ በባዶ ፋይል ተቀምጧል። የኛን ሳየው ድሮ የለቀቁ ልጆች ሁሉ ተሰልፈዋል። ሰኞ አጠፋቸዋለሁ። ቻው።