ነፋሱ ያዘናጋል

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። ይህን ክፍል የምቀዳው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከሚገኘው ቤታችን ሆኜ ነው። መስኮቱን ዘግቼዋለሁ፤ ብከፍተው ኖሮ ከማዶ ያለው የግንባታ ጩኸት ድምፄን ይውጠው ነበር። ወሩ የካቲት ነው፤ ከቀኑ 6 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል፤ ሰማዩ አንዲት የደመና ቁራጭ እንኳ የለበትም፤ ነፋሱ ግን ሹራብ ያስለብሳል። ዛሬ ላወራችሁ የምፈልገው ስለዚህ ነፋስ ነው፤ ይኸውም ሦስት ዓመት ሙሉ እንዴት እንዳዘናጋኝ።

ሁለተኛ ልጄን በወለድኩ በጥቂት ወራት ውስጥ በጉንጮቼና በግንባሬ ላይ ቡናማ ነገር ማጥላት ጀመረ። ማድያት መሆኑን ለማወቅ ሐኪም አላስፈለገኝም፤ የግቢያችን ሴቶች ከመስታወቴ ቀድመው ነገሩኝ። «የወሊድ ነው፣ ይለቅሻል» አሉኝ፤ እኔም ጠበቅሁ። እውነት ነው፣ የእርግዝና ሆርሞን ማድያትን ይቀሰቅሳል፤ የሚያቆየውና የሚያጠቁረው ግን ፀሐይ መሆኑን ማንም አልነገረኝም። ቢነግሩኝም አምናቸው ነበር ብዬ አላስብም፤ ምክንያቱም ራሴን ፀሐይ ላይ እንደሚውል ሰው ቆጥሬው አላውቅም። የምቆመው የታክሲ ሰልፍ ላይ ብቻ ነው። ሰልፉ ደግሞ አንድ ዛፍ በሌለበት አስፋልት ዳር 40 ደቂቃ፣ አንዳንዴም አንድ ሰዓት ያቆማል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ሞቀኝ ብዬ አላውቅም፤ እንዲያውም ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ አጥብቄ እይዝ ነበር።

እኅቴ ድሬዳዋ ትኖራለች። እዚያ እኩለ ቀን ሲሆን ሰው በሩን ገርበብ አድርጎ ይጋደማል፤ ሙቀቱ ራሱ ሰውን ከመንገድ ይሰበስበዋል። ስለዚህ «የእናንተ ፀሐይ ጨካኝ ናት» እላት ነበር፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ኖሯል። ቆዳን የሚጎዳው አልትራቫዮሌት የተባለው ጨረር ዓይን አያየውም፤ በሙቀትም አይታወቅም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ይህ ጨረር ከ10 እስከ 12 በመቶ ይበረታል፤ ከላያችን ሆኖ የሚያጣራው አየር እየሳሳ ይሄዳልና። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን የቦሌ አየር ማረፊያ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል፤ ሁለቱም ከተሞች ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ አካባቢ ናቸው። እንግዲህ ጥርት ባለ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ እኅቴም እኔም ደጅ ብንቆም፣ ላብ በላብ ከሆነችው ከእርሷ ይልቅ ሹራብ ለብሼ የቆምኩት እኔ የበለጠ ጨረር እቀበላለሁ። እርሷ ደግሞ ሙቀቱ ስለሚያባርራት አትቆምም።

ክረምቱም ቢሆን እንደምናስበው አያስጥልም። ፀሐይ በአዲስ አበባ አናት ላይ ቀጥ ብላ የምትውለው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ነው፤ ስስ ደመና እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ጨረር ሊያሳልፍ ይችላል። የቱሪዝም አባት የሚባሉት አቶ ሀብተሥላሴ ታፈሰ አገራችንን «የ13 ወር ፀጋ»፣ በእንግሊዝኛው ደግሞ «የ13 ወር የፀሐይ ብርሃን» ብለው ሲያስተዋውቋት ጳጉሜንን እንኳ አለመተዋቸው ትዝ ይለኛል።

ከሐኪም በፊት የሄድኩት ወደ አንድ የመዋቢያ ሱቅ ነበር፤ ይህን ሳወራ እስከ ዛሬ አፍራለሁ። ሻጩ የሰጠኝን ክሬም በተቀባሁ በሁለት ሳምንት ፊቴ ጠርቶ፣ ያየኝ ሁሉ «ምን ተቀባሽ?» ይለኝ ጀመር። በሦስተኛው ወር ፀሐይ ባገኘኝ ቁጥር እንደ በርበሬ ይለበልበኝ ገባ፤ ጉንጬ ላይ ቀያይ የደም ሥሮች ታዩ፤ ክሬሙን ስተወው ማድያቱ ከቀድሞው ጠቁሮ ተመለሰ። በውስጡ ክሎቤታሶል የተባለ ብርቱ ስቴሮይድ ነበረበት፤ ይህ ሐኪም ለተወሰነ ሕመም ለአጭር ጊዜ የሚያዝዘው መድኃኒት ሲሆን ፊት ላይ ከሰነበተ ቆዳን ያሳሳል። ሎሚ ቀቢ ብለው የመከሩኝም ነበሩ። ሎሚም ሆነ ጤና አዳም ጭማቂያቸው ቆዳ ላይ እንዳለ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል፣ ውኃ ያስቋጥራል፣ የሚተወውም ጥቁር ምልክት ለወራት ሊቆይ ይችላል። ጤና አዳም ቡና ስኒ ውስጥ ሲሆን ያምራል፤ ፊት ላይ ግን አይደረግ።

በኋላ የመረመሩኝ የቆዳ ሐኪም መድኃኒት ከመጻፋቸው በፊት ጠዋትና ቀትር የት እንደምቆም ጠየቁኝ። ከዚያም «ጥላዎ ከቁመትዎ ካጠረ ይጠለሉ» አሉኝ። ይህን ስሰማ አያቴ ትዝ አሉኝ፤ ሰዓት ስላልነበራቸው በጾም ወራት ደጅ ቆመው ጥላቸውን በጫማቸው እየለኩ ነበር ቀኑ ምን ያህል እንደሄደ የሚያውቁት። እኔም በዚህ ወር ሞክሬ አይቼዋለሁ፤ ጥላዬ ከእኔ የሚያጥረው ከጠዋቱ 4 ሰዓት አካባቢ ጀምሮ ከቀኑ 9 ሰዓት ጥቂት እስኪያልፍ ድረስ ነው። በእነዚህ ሰዓታት መካከል መውጣት ያለበት ሰው ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣ ወይም ጃንጥላ ያስፈልገዋል፤ የቤዝቦል ኮፍያ ጆሮንና አንገትን አይሸፍንም።

ስለ ሰንስክሪንም፣ ማለትም ስለ ፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ ጥቂት ልበል። 30 የሚል ቁጥር ያለው፣ በትክክል ከተቀቡት፣ ቆዳን ከሚያቃጥለው ጨረር 97 በመቶ ያህሉን ያስቀራል፤ 50 የሚለው ደግሞ 98 በመቶ ያህሉን፤ ስለዚህ ለቁጥሩ ሲባል ብዙ ገንዘብ መጨመር አልወድም። ችግሩ መጠኑ ላይ ነው። ለፊትና ለአንገት በሌባ ጣትና በመሐል ጣት ሙሉ ርዝመት የተዘረጋ ያህል ያስፈልጋል፤ ደጅ የሚውል ሰው በየ2 ሰዓቱ መድገም አለበት። በዚህ ሒሳብ የ50 ሚሊ ሊትር ቱቦ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ብንቀባው እንኳ ሁለት ወር አይሞላም፤ የእኔ ግን መጀመሪያ ላይ ስድስት ወር ቆይቶልኝ ነበር፤ ይህም እንደ ሽቶ ጠብ እያደረግሁ እጠቀምበት እንደነበር ያሳያል። ማድያት ላለበት ሰው ዓይን የሚያየው ብርሃንም ያጠቁራልና የብረት ኦክሳይድ ያለበት፣ የቆዳ ቀለም ያለው ዓይነት ይሻላል፤ ፊትንም አመድ የነፋበት አያስመስልም።

ጥቁር ቆዳ ቀለሙን በሚሰጠው ሜላኒን የተነሣ የተወሰነ ጥበቃ አለው። አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን ግን ይህ ጥበቃ ስለሌላቸው ለቆዳ ካንሰር የተጋለጡት ገና በወጣትነታቸው ነው። በእኛ ሰልፍ እንዲህ ያለች አንዲት ተማሪ አለች፤ ተራ አስከባሪው ማንንም ሳያስፈቅድ ከፊት ያሳፍራታል፤ እስከ ዛሬ ያጉረመረመ ሰው አላየሁም።

እናቴ ስለ ፀሐይ የምታውቀውን ሁሉ የምትጠቀልለው በአንድ ቃል ነው፤ ምች። «ምግብ በልተሽ ወዲያው ፀሐይ ላይ አትውጪ፣ ምች ይመታሻል» ስትለኝ እስቅ ነበር፤ ከንፈሬ ላይ ውኃ የቋጠረ ቁስል በወጣ ቁጥር ዳማከሴ አሽታ ስታመጣልኝም እስቅ ነበር። ሐኪሟ ሲያስረዱኝ ግን ሳቄ ቀነሰ። ያ የከንፈር ቁስል ሄርፒስ የሚባለው ቫይረስ ሥራ ነው፤ ቫይረሱ ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ይኖራል፤ ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱ ብርቱ ፀሐይ ነው። እናቴ ምግቡን ያለ በደሉ ትከሰው ይሆናል እንጂ ፀሐይዋን በመክሰሷ አልተሳሳተችም።

ፀሐይን ጨርሶ ሽሹ ማለቴ ግን አይደለም። ቆዳችን ቫይታሚን ዲ የሚሠራው በእርሷ ነው፤ ሕፃናትን ጠዋት ማሞቅ የቆየው ያለ ምክንያት አይደለም። የእኔ ስሕተት ሌላ ነበር፤ ብርዱን ፈርቼ ልጄን አሁን በተቀመጥኩበት መስኮት፣ በተዘጋው መስታወት በኩል አሞቀው ነበር። መስታወት ለቫይታሚን ዲ የሚያስፈልገውን ጨረር ያግዳል፤ ቆዳን የሚያስረጀውንና የሚያጠቁረውን ሌላውን ጨረር ግን በአብዛኛው ያሳልፋል። ልጁ ጥቅሙን ሳያገኝ፣ እኔ ጡት እያጠባሁ ማድያቴን አጠቁር ነበር።

ከማዶ ግንባታው ላይ ሴቶች ሲሚንቶ ሲያመላልሱ ይታዩኛል። ሻርፓቸውን ከአፍንጫቸው በላይ አስረው፣ በላዩ ባርኔጣ ደፍተው፣ ክንዳቸውን እስከ አንጓው ሸፍነዋል፤ ከዓይናቸው በቀር የሚታይ ነገር የላቸውም። እዚህ ሰፈር በገባሁበት ዓመት፣ በዚህ ነፋስ ምን አስሸፋፈናቸው ብዬ ገርሞኝ ነበር። አሁን ሥራ አቁመዋል፤ ምሳቸውን ይዘው፣ ገና ባልተለሰነው ግድግዳ ሥር በቀረችው አንድ ክንድ በማትሞላ ጥላ ውስጥ ተደርድረው እየተቀመጡ ነው። እኔም 9 ሰዓት ላይ ልጄን ከትምህርት ቤት የማመጣበትን የእናቴን ጃንጥላ በሩ ሥር አቁሜዋለሁ።