ጤነኛው ሲያበራ ዕጢው ይጨልማል፦ ብርሃን በኩላሊት ካንሰር ቀዶ ጥገና

[ምስል፦ ኩላሊት፣ ከጎኑ የወጣ ዕጢ]

ዕጢው ከ4 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ከሆነ ሐኪሞች በአብዛኛው ኩላሊቱን በሙሉ አያወጡም። ዕጢውን በዙሪያው ካለው ስስ የጤነኛ ሥጋ ሽፋን ጋር ብቻ ቆርጠው ያነሳሉ። አስቸጋሪው ነገር መቁረጫው መስመር ነው። ወደ ዕጢው ከተጠጋ ካንሰር ሊቀር ይችላል፤ ከራቀ ደግሞ ሊተርፍ የሚችል ኩላሊት ይባክናል።

[ምስል፦ የደም ቧንቧው በመቆንጠጫ ሲያዝ]

ደም እንዳይፈስ ወደ ኩላሊቱ የሚገባው ደም ቅዳ ለጊዜው ይቆነጠጣል። ደሙ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ሳያልፍ እንዲመለስ ጥረት ይደረጋል። የተቆረጠውን ጠርዝ ወዲያው አቀዝቅዞ በማይክሮስኮፕ መመርመር ይቻላል፤ ይሁንና መልሱ 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። የሚታየውም ከጠርዙ የተወሰደ ናሙና እንጂ ጠርዙ በሙሉ አይደለም።

[ምስል፦ ስክሪኑ አረንጓዴ ሲሆን]

አሁን ለታካሚው በደም ሥር ኢንዶሳያኒን ግሪን የሚባል ቀለም ይሰጣል። በአሜሪካ ከ1959 ጀምሮ ፈቃድ ያለው የቆየ መድኃኒት ነው። ዓይናችን የማያየው የኢንፍራሬድ ብርሃን ሲያርፍበት መልሶ ያበራል፤ ካሜራው ያንን ይይዝና በአረንጓዴ ያሳያል።

ዕጢው ያበራል ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። የሚያበራው ግን ጤነኛው ክፍል ነው! የጤነኛ ኩላሊት ቱቦዎች ህዋሳት ቀለሙን ወደ ውስጥ የሚያስገባ ፕሮቲን አላቸው፤ በአብዛኞቹ የኩላሊት ካንሰር ህዋሳት ላይ ይህ ፕሮቲን በጣም ያንሳል። ልኩን ማወቅ ታዲያ ሙያ ይጠይቃል፤ ቀለሙ ከበዛ ዕጢውም አብሮ ያበራና ልዩነቱ ይጠፋል።

የጨለመ ሁሉም ካንሰር አይደለም። ስብ ይጨልማል፤ ውኃ የቋጠረ ከረጢትም ይጨልማል። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ቀለሙ መቁረጥ የት እንደሚጀመር ለማመልከት ይጠቅማል፤ ጠርዙ ንጹሕ ነው ብሎ ለመፍረድ ግን አይበቃም።

[ምስል፦ የሕብረ ሕዋስ ንብርብሮች በግራጫ]

ለፍርዱ የሚቀርበው ሌላው ዘዴ ኦፕቲካል ኮሂረንስ ቶሞግራፊ ነው። በ1991 ይፋ ሲሆን የዓይንን ሬቲና አሳይቶ ነበር። አሠራሩ የአልትራሳውንድ ዓይነት ሆኖ በድምፅ ፈንታ ብርሃን ይልካል። ጥራቱ በማይክሮሜትር (በሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ) የሚለካ ነው፤ ዘልቆ የሚያየው ጥልቀት ግን ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ለኩላሊት ጠርዝ ገና በምርምር ላይ ይገኛል።

[ምስል፦ የፓቶሎጂ ላቦራቶሪ]

የመጨረሻው ቃል ዛሬም የተቆረጠውን ሥጋ በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው የፓቶሎጂ ባለሙያ ነው፤ የሚመጣውም ከቀናት በኋላ ነው። ጠርዙ ላይ ካንሰር ተገኘ ማለት ደግሞ በሽታው የግድ ይመለሳል ማለት አይደለም። ብዙ ታካሚዎች ዳግም ሳይቀደዱ በሲቲ ስካን ክትትል ይደረግላቸዋል።