ስለ ኬ900፦ በዕቁባችን ዓመታዊ እራት ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የዕቁባችን አባላት፣ እንደምን አመሻችሁ! ሰብሳቢያችን "ለወጣቶቹ ስለ መኪና ግዢ ሦስት ነጥብ ንገርልን" ብለውኛል። ሦስቱንም ጽፌ ይዣለሁ። የመጀመሪያው ላይ ትንሽ ብቆይ ግን አትፍረዱብኝ።

ኬ900 ነው፤ የኪያው የቅንጦት መኪና። ሳቁ እንጂ! እዚህ ቤት የኔን መኪና የማያውቅ የለም።

ኪያን እዚህ አሜሪካ ማን አሳደገው? እኛን የመሰለ ሰው ነው። "ዋጋው አይጎዳም፣ ዋራንቲው 10 ዓመት ነው" እያልን ሪዮና ኦፕቲማ የሚባሉትን መኪኖቹን ገዛን። በፈረንጆቹ 2014 ይኸው ኪያ 60,000 ዶላር ገደማ የሚጠራ የቅንጦት መኪና ይዞ መጣ። 420 የፈረስ ጉልበት ያለው ቪ8፣ ማለትም ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ነበረው። ለሱፐር ቦውል፣ ለአሜሪካ ፉትቦል ፍጻሜ ማስታወቂያ ተዋናዩን ሎረንስ ፊሽበርንን አመጡ፤ የቅርጫት ኳስ ኮከቡን ሌብሮን ጄምስንም አሰለፉ። ሙሽራውን ሸልመው ጫጉላ ቤቱን ረሱት! ኬ900 የተሸጠው እዚያው ሪዮ በሚሸጥበት ሾውሩም ነው። ሪዮ ገዢ ይናቅ አላልኩም፤ እኔም ገዝቻለሁ።

ቶዮታ በ1989 የቅንጦት መኪናውን ሌክሰስን ሲያመጣ ስሙንም ሾውሩሙንም ለየ። ወዲያው የሌክሰሱ ኤልኤስ 400 ጉድለት ተገኘበት፤ 8,000 ገደማ መኪና ለጥገና ተጠራ። ደንበኛው ቤት ድረስ ሄደው እየወሰዱ፣ ጠግነውና አጥበው መለሱ። ስም እንዲህ ይገዛል። ሀዩንዳይ እንኳ ዘግይቶም ቢሆን በ2015 የቅንጦት ስሙን ጀነሲስን ለብቻው አቋቋመው።

እኔ በኬ900ዬ ሊሞ፣ ማለትም የቅንጦት ታክሲ እሠራለሁ፤ አንድ ቀን ከዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ጫንኩ። ከኋላ ተደላደሉና ቆዳውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። "ጸጥ ያለ መኪና ነው" አሉ። መርሴዲስ ነው ብለው ገመቱ። "አይደለም" ስላቸው ሌላ ጀርመን ጠሩ። ሬስተን ስንደርስ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው መሪው ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበቡ። "ኪያ?" ከዚያ ወዲያ እስከ ዋሽንግተን ከስልካቸው ቀና አላሉም። እስቲ ንገሩኝ፣ በዚያች ደቂቃ መኪናው ምኑ ተለወጠ? ሥራ የሚልክልኝ ድርጅትም "ይሄ በቅንጦት ዝርዝራችን የለም" ብሎ መለሰኝ። ከሱ ያረጀ የጀርመን መኪና ግን ዘው ብሎ ያልፋል!

እኔን የሚያበግነኝ መኪናው አይደለም። መኪናውማ ልክ ነው! እነሱ ሠርተው ሲያበቁ ስሙን የማስከበሩን ሥራ ለገዢው ጣሉት። በ2021 ደግሞ "አልተሸጠም" ተብሎ ከአሜሪካ ገበያ ወጣ። እናም በዚያው ዓመት ዓርማቸውን ቀየሩ! ምነው ሰባት ዓመት ቀደም ቢሉ?

ሁለተኛው ነጥብ ኢንሹራንስ ነው፤ ሳታወዳድሩ አትፈርሙ። ሦስተኛው ጎማ ነው፤ በረዶ ሳይመጣ ቀይሩ።

ዘንድሮ ዕጣ የሚወጣላችሁ ልጆች፣ ያገለገለ ኬ900 በርካሽ ካገኛችሁ ለቤተሰብ ግዙት፤ ትወዱታላችሁ። ለሊሞ ከሆነ ግን ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የሚያሠራችሁን ድርጅት "የምትቀበሉትን የመኪና ዝርዝር በጽሑፍ ስጡኝ" በሉት። አመሰግናለሁ።